ቲማቲም ያለው፣ ቲማቲም የሌለው

"ይኼኛው ቲማቲም አለው" አለች ቤተል፣ ገጹን ለእናቷ እያሳየች። "ያኛው ደግሞ በጭራሽ የለውም። ማሚ፣ የሚስ ኦዴት ወጥ የቱን ይመስላል?"

"ጭምብልሽን ከፍ አድርጊ" አለቻት ኪዳነምሕረት።

አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጠው ሰውዬ ኬጀን የሚባለውን የአሜሪካኖች ምግብ የያዘ ብሎ ያወረደላቸው ሁለት መጽሐፍ ብቻ ነው። አንደኛው ወፍራም፣ በየገጹ ቀይ ወጥ የሚያሳይ ፎቶ ያለበት፣ ሽፋኑ ላይ "ፈጣንና ቀላል" የሚል ነው። ሌላው ፎቶ የሌለው ቀጭን ነው። ወፍራሙ ዱቄቱን በዘይት ለጥቂት ደቂቃ አመስ አድርጉና ውሃ ጨምሩበት ይላል። ቀጭኑ ግን እንደ ቸኮላት እስኪጠቁር ከድስቱ ፊት አትነሱ፣ ስልክ ቢጠራም ተዉት ይላል። ቁሌት በእጁ የሠራ ሰው የትኛውን እንደሚያምን ግልጽ ነው፤ የኪዳነምሕረትም ልብ ወደ ቀጭኑ አደላ። ሽንኩርት፣ ሰለሪና ቃሪያን አንድ ላይ "ቅድስት ሥላሴ" ብሎ ሲጠራቸው ግን ደንግጣ አማተበች። ችግሩ ጥሩ መጽሐፍ መለየቱ አልነበረም። የሚስ ኦዴትን ወጥ የሚመስለውን መለየቱ ነበር፤ እሱን ደግሞ ቀምሳው አታውቅም።

ሚስ ኦዴት እነሱ በሚኖሩበት ኮምፕሌክስ ውስጥ ግድግዳ የሚጋሯቸው፣ ከአሜሪካ ሉዊዚያና የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ባለፈው ዓመት የኪዳነምሕረት ባል ዳኛቸው በኮሮና ሲተኛ ወዳጅ ዘመድ በስልክ "አይዞህ" ብሎ ሲዘጋ፣ እሳቸው በየቅዳሜው ጋምቦ የሚሉትን ወጥ በድስት ሠርተው በሩ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ከዳነ በኋላም አላቋረጡም። ዳኛቸው የሰበካ ጉባኤ አባል ነውና "የምን ሥጋ እንዳለበት አይታወቅም፣ ይደፋ" ብሎ ፈረደ። ድስቱን ራሱ ይዞ ይወጣል፣ ራሱ አጥቦ ይመልሳል። በትዳር ዘመኑ አንድ ብርጭቆ አጥቦ የማያውቅ ሰው! ኪዳነምሕረት ቤቷን ከርኩሰት የሚጠብቅላት መስሏት በልቧ ትመርቀው ነበር። ለሚስ ኦዴትም በይሉኝታ "እጅ ያስቆረጥማል" ትላቸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቤተል ክዳኑን ከፍታ በማንኪያ ቀመሰች። አባቷ በጥፊ አጮላት። ከዚያ ወዲህ ምግቧን የምትበላው ክፍሏ ውስጥ ነው፤ "ዳዲ" ትለው የነበረውንም ሰው "እሳቸው" ነው የምትለው።

አሁን፣ በሦስተኛው ማዕበል፣ ተራው የሚስ ኦዴት ሆነ። ከሆስፒታል ቢወጡም መቆም አቅቷቸዋል፣ ምግብም አልገባ ብሏቸዋል። ትናንት ኪዳነምሕረት የወሰደችላቸውን ሾርባ ገና ሳይነኩት መለሱት።

"እዚህ ከተማ ውስጥ የኔን ጋምቦ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ" አሏት፣ ትንፋሽ እያጠራቸው። "እኔ ከእናቴ እጅ ነው የተማርኩት፣ የተጻፈ የለኝም። ጥሩ መጽሐፍ ፈልጊና ሥሪልኝ። ጣዕሙን ስለምታውቂው አትስቺውም።"

አላውቀውም ማለት አቃታት።

"አንቺ እኮ ቀምሰሽዋል" አለቻት አሁን ልጇን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ምን ምን ይል ነበር?"

"ሲሪየስሊ፣ ማሚ?" ቤተል መጽሐፉን ዘጋችው። "እኔ ትዝ የሚለኝ ጥፊው ነው።"

ሻጩ ግራ መጋባታቸውን አይቶ "ሁለቱንም ውሰዱ፤ ያልሆናችሁን ነገ ትመልሱታላችሁ" አላቸው።

ቤት ገብተው መጻሕፍቱን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። ዳኛቸው ከቤት ነው የሚሠራው፤ ሻይ ሊቀዳ ሲመጣ ኪዳነምሕረት ተስፋ ቆርጣ ነበር።

"በቃ ቀዩን እሠራላቸዋለሁ" አለች። "ቲማቲም ለበሽተኛም ይሻላል።"

"ኧረ የሴትዮዋ ቲማቲም የለውም" አለ ዳኛቸው ስኳሩን እያማሰለ። "መጀመሪያ ጭስ ጭስ ይልሻል። ማቃጠሉ ኋላ ነው፣ ጉሮሮሽ ላይ ሲደርስ።"

ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቆመ።

"ጉሮሮ ላይ እንደሚያቃጥል ያወቅከው ስትደፋው ነው?" አለች ኪዳነምሕረት።

"አቅም አልነበረኝም፣ ኪዳን። ሐኪሙ ብላ ብሎኝ..."

"ከዳንክ በኋላስ?"

"ልጅቷ ትሰማለች።"

"ትስማ!"

"እኔ አልዋጥኩትም ነበር" አለች ቤተል ማንንም ሳታይ። "አፌ ውስጥ እያለ ነው የተመታሁት።"

ኪዳነምሕረትን ያንገበገባት መብላቱ አይደለም፤ ታሞ ነበር ብላ ታልፈው ነበር። አፉን ጠርጎ ገብቶ ልጇን መምታቱ፣ መትቶም በነጋታው ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን መሄዱ ነው።

"የምን ሥጋ ነበረበት?"

"ዶሮና ቋሊማ።"

"የምን ቋሊማ?"

ዳኛቸው ብርጭቆውን አየ።

ወፍራሙን መጽሐፍ አንስታ ነገ የሚመለስበት ከረጢት ውስጥ ከተተችው። ቀጭኑን ከፍታ ባሏ ፊት አስቀመጠች። "ሂድና ቋሊማውን ግዛ። የቱ እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። ዱቄቱንም አንተ ታማስላለህ።"

"የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ አለኝ እኮ፣ በዙም።"

"ስልክ ቢጠራም ተዉት ይላል መጽሐፉ።"

ሄዶ ገዛ። የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ዱቄቱ እስኪጠቁር ቆሞ አማሰለ። ስልኩ ሳሎን ውስጥ ደጋግሞ ጠራ። ወጡ ሲደርስ በልማድ ማንኪያውን ወደ አፉ ሲያነሳ ኪዳነምሕረት ከእጁ ቀማችውና እፍ እፍ ብላ ለቤተል ሰጠቻት።

"አንቺ ቅመሺ፣ ልጄ።"

ቤተል ማንኪያውን ተቀበለች። ትንሽ አየችውና መልሳ ለአባቷ ዘረጋችለት።

"እሳቸው ይቅመሱት። የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።"

ዳኛቸው ሁለቱም እያዩት ቀመሰ።

"ጨው ይቀረዋል" አለ።

ኪዳነምሕረት ጨው ጨመረች። ክዳኑን ገጥማ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልላ አስታቀፈችው።

"ባለፈው ዓመት ሲበላ የነበረው ማን እንደሆነም ትነግራቸዋለህ" አለችና በሩን ከፈተችለት።