መብራት ያደረበት ማሽላ

«ተይው አቦ፣ ይሄ ማሽላ አያፈራም» አለች አከራይዋ ጣሂራ፣ የማጭዷን ስለት በአውራ ጣቷ እየሞከረች። «ዛሬ አጭጄ ለላሟ እሰጠዋለሁ።»

የሺሐረግ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በረንዳው ላይ ቆመች። ከግቢው ወዲያ ጫፍ ያለው ማሽላ ዘለላውን አውጥቷል። እሷ በተከራየችው ክፍል ፊት ለፊት ያለው ግን፣ ያው ዘር፣ ያው አፈር፣ ቅጠሉን ብቻ አንዠርግጎ ቀርቷል። መስከረም እያለቀ ነው። ጣሂራ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌላ መሬት የላትም፤ የምትበላው ከዚሁ ግቢ ነው።

«ጎረቤቶቹ ዓይን በልቶት ነው ይላሉ» አለች ጣሂራ።

«እስከ ማታ ይታገሱኝ፣ አዴ። እስቲ ላስብበት» አለች የሺሐረግ፣ እንደ አገሩ ልማድ እናቴ ብላ እየጠራቻት።

ምን እንደምታስብበት ግን ራሷም አላወቀችውም።

የሺሐረግ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ጭሮ የመጣችው ገና በወጣትነቷ ነው። ቀኑን በተማሪ ጫጫታ ታሳልፈዋለች፤ ማታ ቤቷ ስትገባ ግን የሚያናግራት የለም። ልጇ ብሩኬ ግንቦት ላይ ሥራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ ሄዷል። ሲሰናበታት «መብራቱን አላጠፋም፤ በየትኛውም ሰዓት ብትመጣ ቤትህ አይጠፋህም» ብላው ነበር። ስልኩ ከተዘጋ ሰነበተ። ሰው ሲጠይቃት «ደህና ነው» ትላለች፤ ከዚያ ክፍሏ ገብታ ታለቅሳለች። የበረንዳው አምፖል ግን፣ ኤሌክትሪክ ካልተቋረጠ በቀር፣ ሲበራ ያድራል።

የዚያን ቀን ትምህርት በየዓመቱ የምታስተምረው ነበር።

«ተክል ዓይን ባይኖረውም ብርሃን ያውቃል» አለች፣ ሰሌዳው ላይ ቅጠል እየሣለች። «ቅጠሉ ውስጥ ብርሃንን ከጨለማ የሚለይ ፕሮቲን አለ። አንዳንድ ተክል ሌሊቱ ሲረዝምለት አበባ የሚያስወጡት ጂኖች ሥራ ይጀምራሉ። ሌሊቱ መሀል ብርሃን ከገባበት ግን ጂኖቹ እያሉ ዝም ይላሉ።»

ሳብሪና የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እንደ ምን ዓይነት ተክል?»

«እንደ... የእኛ አገር ማሽላ» አለች የሺሐረግ፤ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ቀረ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስታነበንብ ኖራ፣ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ የራሷን በረንዳ አላየችም። ተማሪዎቹ ያመማት መሰላቸው።

ቤት ስትደርስ ጣሂራ አንዱን ጥግ ማጨድ ጀምራለች።

«አዴ፣ ያቁሙ! ዓይን አይደለም። የእኔ መብራት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስለሚበራበት ጊዜው የደረሰ አልመሰለውም። ይቅር ይበሉኝ።»

ጣሂራ ቀና ብላ አምፖሉን አየችው። ቀጥላ ማሽላውን አየች። ማጭዱን ቀስ ብላ ጉያዋ አደረገች።

«ለማን እንደሚበራ አውቃለሁ» አለች። «ይብራ። አላህ ሌላ ይሰጣል።»

«መብራቱ ቢጠፋ እኮ ማሽላው ዘግይቶም ቢሆን ዘለላ ያወጣ ይሆናል።»

«ልጅሽ ጨለማ ቢያገኝስ? ተይው፣ የሺ። ለላሟም መኖ ነው።»

ይህን ብላ ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት ልትታጠብ፣ ውዱዋን ልታደርግ ገባች።

የሺሐረግ በረንዳው ላይ ብቻዋን ቀረች። ጣሂራ ብትቆጣት ይሻላት ነበር፤ ደግነቷ አንጀቷን በላው። ግቢው መደብዘዝ ጀመረ። እጇ እንደልማዱ ወደ ማብሪያው ሄደና እዚያው ቆመ። ዛሬ ካላበራችው ብሩኬ አይመጣም ያለች መሰላት። አልቅሳ ስታበቃ እጇን መለሰች።

ከዚያ ገብታ አልጋዋን ከክፍሉ ጥግ እየጎተተች አመጣች። እግሩ ሲሚንቶውን እየፋቀ ጮኸ። ከውጭው በር ጋር አስጠግታ፣ ትራሷን በበሩ በኩል አደረገችው። ብሩኬ በጨለማ መጥቶ ቢያንኳኳ፣ በመጀመሪያው እንድትሰማው።