የፊታውራሪው መርጃን

"በጎባ ከተማ ለምትገኙ መኳንንትና ወይዛዝርት፣ ነጋዴዎችና ባላገሮች! በክቡር ፊታውራሪ ደጀኔ እልፍኝ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚኖረው መርጃን፣ ዛሬ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንዲት ጣቱን ማውጣቱን በታላቅ ደስታ እናበስራለን!"

አዋጁን የለፈፈው በፊታውራሪው መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ የሆነው ገብረወልድ ነው፤ የብስክሌት ጎማ መንፊያ ይዞ ሣጥኑ ሥር ተንበርክኳል። ያደመጠው ደግሞ ዘበኛው ረጋሳ ብቻ።

"ያ ገብሬ፣" አለ ሽማግሌው በሩን ተደግፎ፣ "ድንጋይ ጣት አወጣ ብለህ ለሰው እንዳትናገር። ጠበል ይወስዱሃል።"

"ድንጋይ አይደለም እኮ ኦቦ ረጋሳ! ነፍስ ያለው የባሕር ፍጥረት ነው። ይኸው፣ ይዩት።"

ረጋሳ ጎንበስ አለ። ከነጣው የመርጃኑ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ቡናማ ነገር ትወዛወዛለች።

"ዋቃዮ! ለዚህች ነው ወር ሙሉ የተንበረከክኸው?"

ለእሷ አልነበረም። ፊታውራሪው መርጃኑን ምጽዋ ካለ መርከበኛ ወዳጃቸው ተቀብለው፣ ከአራት በርሜል የባሕር ውሃ ጋር በጭነት መኪና ባሌ ድረስ አስመጡት። እንግዳ ሁሉ ተደነቀ። ከዚያ ለመሬት ክርክር አዲስ አበባ ሄደው ሰባት ወር ሲቆዩ፣ መርጃኑን ያስታወሰው አልነበረም። በኋላ ግን "ከእንግዶች ጋር እመጣለሁ፤ መርጃኔ በደኅና ይቆየኝ" የሚል ቴሌግራም ደረሰና ቤቱ ተሸበረ። ገብረወልድ ስምንተኛ ክፍል ላይ በሳይንስ አንደኛ መውጣቱን አንድ አስታዋሽ አስታወሰበት።

ገብረወልድም እምቢ ሊል አይችልም። ሚስቱ ፀዳለ ጊኒር አስተማሪ ናት፤ ስምንት ወሯን ይዛለች። ወደዚያ ለመዛወር ያስገባው ማመልከቻ የፊታውራሪውን ፊርማ ሲጠብቅ ሁለት ዓመት ሞላው። "መርጃኔን አድንልኝና እፈርምልሃለሁ" ብለውታል በስልክ። ፀዳለ ደግሞ ባለፈው ሳምንት እንዲህ ስትል ጽፋለች፦ "እስክወልድ ካልመጣህ ስሙን ብቻዬን አወጣለሁ። የአባቴን ስም ነው የማወጣው፤ እንደምትጠላውም አውቃለሁ።"

መርጃኑን የተረከበ ቀን ውሃው እንደ ቆዳ ፋቂ ቤት ይሸት ነበር። ገብረወልድ ጣቱን ነክሮ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። ወጥ ቤቷን ጠራት።

"እትዬ አሰገደች፣ ውሃው ሲጎድል ምን ያደርጉለት ነበር?"

"እሞላለታለሁ።"

"በምን?"

"በውሃና በጨው ነዋ! የባሕር ልጅ አይደል? ከብት እንኳ አሞሌ ይልሳል። እየነጣ ሲሄድማ ጨው አነሰው ብዬ እጥፍ አደረግሁለት።"

"እትዬ፣ ወጥ ሲመጥብዎ ምን ይጨምራሉ?"

"ውሃ።"

"ጨውስ?"

"ጨውማ እዚያው አለ! ብጨምርማ ማን ይበላው..." አሰገደች እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አበስኩ ገበርኩ!"

መርከበኛው የውሃውን ጨው የሚለካ፣ መስመር የተሰመረበት ተንሳፋፊ ብርሌ ሰጥቷቸው ነበር። ሲፈለግ ረጋሳ ኪስ ተገኘ። የትኩሳት መለኪያ መስሎት በየጠዋቱ ብብቱ ሥር ሲያስገባው ከርሟል።

"ሁልጊዜ ደኅና ነህ ነው የሚለኝ፣" አለ ሲመልስ፣ ቅር እያለው።

ገብረወልድ በሸራ ባጠራቀመው የዝናብ ውሃ ጨውን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ አረገበ፤ ባንዴ ቢያደርገው ድንጋጤው ይጨርሰዋል። የጎባን ብርድ እንዲችል ከብረት መቆሚያው ሥር ፋኖስ አበራለት። ውሃው እንዲንቀሳቀስም ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በብስክሌት መንፊያ አየር ይነፋለታል። ቢሮ ሲገባ "ሐኪም፣ በሽተኛው እንዴት አደረ?" ይሉታል። ሁለት ጊዜ ንጣቱ ብሶበት ግድግዳውን በእርግጫ መታ፤ መርጃኑ ምንም አልመሰለው፤ ያነከሰው እሱ ነው።

ከዚያች ጣት በኋላ ግን ረጋሳ መንፊያውን ቀማው።

"አምጣ። አንተ ቁጣ ነው የምትነፋበት።"

ሁለት ሳምንት ረጋሳ ቀስ እያለ፣ ለከብቶቹ የሚያንጎራጉረውን እያንጎራጎረ ነፋ። ፊታውራሪው ከእንግዶቻቸው ጋር ሲደርሱ መርጃኑ ቡናማ ለብሶ፣ ጣቶቹን ሁሉ ዘርግቶ ጠበቃቸው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ገብረወልድ እጅ ነሥቶ ማመልከቻውን ዘረጋ።

"ጊኒር?" አሉ ፊታውራሪው። "አንተ ከሄድህ ይህን ማን ያስታምማል?"

"ኦቦ ረጋሳ አሉ፣ ጌታዬ። ሁሉን ያውቃሉ። አሁን ያዳኑት እሳቸው ናቸው።"

"እሳቸው! ዘበኛዬን እሳቸው አለልኝ!" ፊታውራሪው ሳቁ፤ እንግዶቹም ተከትለው ሳቁ። "ስማ ልጄ፣ ብትገድለው ኖሮ አባርርህ ነበር። እንዲህ አድርገህ ካዳንኸው ግን እንዴት ልልቀቅህ?" የሣጥኑ መቆሚያ አንድ እግሩ ይወዛወዝ ነበር። ማመልከቻውን አራት ጊዜ አጥፈው ከእግሩ ሥር አስገቡት። ጸና።

ደጅ ላይ ረጋሳ ራሱን ነቀነቀ። "ገድለኸው ቢሆን ዛሬ ጊኒር ነበርክ።"

ገብረወልድም ይህንኑ ሲያስብ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ገብቶ ጨውን ለካ። የፋኖሱን ክር ከፍ አደረገ። መርጃኑ አላጠፋም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገብረወልድ ያውቃል። ብርሌውን ለረጋሳ ሰጠውና "ብብት ውስጥ አይገባም፣ እሺ?" አለው። ከዚያም ሻንጣውን አንሥቶ ወጣ። የጊኒር ጭነት መኪና ከአጥሩ ውጪ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር።

ፊታውራሪው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ብቅ አሉ፤ እንግዶቹም ከኋላቸው።

"ወዴት ነው?"

"ጊኒር፣ ጌታዬ።"

"ፊርማ የት አለና? ደሞዝህ እንደሚቆም ታውቃለህ? እኮ በምን ምክንያት? እዚሁ፣ እንግዶቼ ፊት አስረዳኝ!"

ገብረወልድ አንድ እግሩን የመኪናው ጎማ ላይ አሳርፎ ዞር አለ። ከሾፌሩ እስከ ፊታውራሪው ሁሉም ጠበቀው።

"አላስረዳም፣" አለና ከተጫነው የስንዴ ጆንያ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።