ከአልጋው ማዶ ያለው በር

ፊዮሬንዞ ባልዳቺ ሰው ማስፈራት ይወድ ነበር። በልጅነቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቆ አክስቶቹን ሲያስጮህ አድጎ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቶትም በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ ሥራ አለ ቢሉት የማያምን ሰው ነው። እንጀራው ግን ሌላ ቦታ ነበር። በሰባዎቹ ዓመታት አጋማሽ ሮም ውስጥ ለፊልም ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች የሚፈልጉት የአልጋ ፊልም ነው፤ እሱም ፍራንክ ባልድዊን በሚል የአሜሪካ ስም ሦስት የአልጋ ፊልሞች ሠርቷል።

ሦስቱም አልተሳኩለትም። ጥፋቱ የተዋንያኑ አልነበረም። ፊዮሬንዞ ሁለት ሰዎች ሲሳሳሙ እንኳ ሲቀርጽ ካሜራውን የሚያቆመው ነፍሰ ገዳይ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። መኝታ ቤቱን ያጨልመዋል፤ መጋረጃው ብቻውን ይንቀሳቀሳል፤ አፍቃሪው ደረጃ ሲወጣ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ለሌላ ጉዳይ የመጡት ተመልካቾች ፊልሙ እኩሌታ ላይ ሳይደርስ ካፖርታቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ። ደፍሮ የሚቀመጥ ቢኖር እንቅልፍ የወሰደው ብቻ ነው።

የፊልሞቹን ወጪ የሚሸፍነው፣ በክብር ማዕረጉ ኮሜንዳቶሬ የሚባለው ትራቫሊኒ ትዕግሥቱ አለቀ። ፊዮሬንዞን ቢሮው አስጠርቶ ሲጋራውን ለኮሰ።

«ስማ ባልዳቺ። ያቺ የምትወዳት የሙት ቤት ታሪክህ መሳቢያዬ ውስጥ አለች። አንብቤያታለሁ። ቅዠት ነች።»

«ቅዠት እንድትሆን ነው የጻፍኳት፣ ኮሜንዳቶሬ።»

«አፍህን ዝጋና አዳምጥ። ይሄን አራተኛውን ፊልም ሥራልኝ። ጣቢያው አጠገብ ባለው ሲኒማ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አሳየዋለሁ። ሰዎቹ እስከ መጨረሻው ከተቀመጡልህ፣ የሙት ቤትህን አሠራሃለሁ። ተነሥተው ከወጡ ግን ቴርኒ ተመልሰህ አባትህ ሥጋ ሱቅ ውስጥ ሞርታዴላ ትቆርጣለህ።»

ፊዮሬንዞ ተስማማ። ታሪኳን ይዞ በየቢሮው ሲንከራተት ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሮም ውስጥ ያላነበባትና ያልመለሳት ሰው አልቀረም። አባቱም በየወሩ መጨረሻ እየደወሉ ቢላዋው እንደተሳለ ይነግሩት ነበር።

በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ላይ ፕራቲ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ለአምስት ቀን ቤት ተከራዩ። አከራይዋ የሚቀረጸው የሳሙና ማስታወቂያ ነው ተብለዋል። የፊልሙ ታሪክ ብዙ አያስጨንቅም፤ ባሏ መንገድ የሄደባት ሴት፣ የፈነዳ ቧንቧ፣ ቧንቧ ሠሪ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት ጎረቤት። ሴትየዋን የምትሠራው ዶሪያና ከቬኔቶ ገጠር የመጣች፣ በመነኮሳት ትምህርት ቤት ያደገች፣ በቀረጻ መሀል ቁጭ ብላ ለእህቷ ልጅ ካልሲ የምትሠራ ልጅ ነች። ድምፅ የሚገባው በኋላ ስለሆነ ማንም ንግግር አያጠናም። ተዋንያኑ አፋቸው እንዲንቀሳቀስ ብቻ ቁጥር ይቆጥራሉ። ቧንቧ ሠሪው ዓይን ዓይኗን እያየ «አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት» ሲላት፣ እሷ አንገቷን ሰበር አድርጋ «አርባ ሦስት» ትለዋለች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዋናውን ትዕይንት ጀመሩ። ዶሪያና አልጋው ላይ ነች። ከአልጋው ማዶ ረጅምና ጨለማ ኮሪደር አለ፤ ጫፉ ላይ የውጭው በር። ፊዮሬንዞ መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ አንዲት አምፖል ብቻ ፊቷ ላይ ተወ፤ ካሜራውንም አስጠጋ። ሠራተኞቹ «ደግሞ ጀመረው» ብለው ተያዩ። ካሜራው መቅረጽ ጀመረ።

ልክ በዚያን ጊዜ በሩ ተንኳኳና «ቡራኬ!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

ፋሲካ ሳይደርስ ቄስ በየቤቱ እየዞሩ ጸበል እንደሚረጩ ሮም ውስጥ ድመት እንኳ ያውቃል። ቀኑና ሰዓቱ ታች መግቢያው ላይ ተለጥፏል፤ የሕንፃው ነዋሪ በሙሉ ወለሉን ወልውሎ እየጠበቀ ነው። ፊዮሬንዞና ሠራተኞቹ ግን ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ ወረቀት አጠገብ ገመድና መብራት ተሸክመው ሲወጡና ሲወርዱ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ይህም ቢሆን ባልከፋ፤ ትንፋሽ ውጦ ዝም ማለት ይቻል ነበር። በሩ አጠገብ የቆመው ግን የመብራት ሠራተኛው ኦሬስቴ ነው። ኦሬስቴ ኮሚኒስት ነው፤ ከሠርጉ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም። ሆኖም «ቡራኬ» የሚለውን ቃል ሲሰማ እጁ ሐሳቡን ቀደመው፤ እናቱ ቄስ ደጅ አይቆምም ብለው አሳድገውታልና። ኮፍያውን አውልቆ በሩን ቀስ ብሎ ከፈተው።

ዶሪያና ሰባ ስድስት ላይ ደርሳ ነበር። ሰባ ሰባትን አልጠራችውም።

ከውጭ የደረጃው ብርሃን እንደ ቢላ ቀጭን ሆኖ ገባና ፊቷ ላይ እየሰፋ ሄደ። በብርሃኑ መሀል አንድ ረጅም ጥላ ቆመ። ዓይኖቿ ፈጠጡ፣ ከንፈሯ ደረቀ፣ አንሶላውን በሁለት እጇ ጨብጣ እስከ አገጯ ሳበችው። መነኮሳቱ በልጅነቷ ስለ ገሃነም የነገሯት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ፊቷ ላይ ወጣ። ፊዮሬንዞ «አቁሙ» ማለት ነበረበት። በኀፍረት ሊሞት እየደረሰ፣ አላለም።

የገቡት ዶን ሲልቫኖ ነበሩ፤ የሰፈሩ ቄስ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው ደግ ሰው።

«ሰላም ለዚህ ቤት። ውይ፣ በሽተኛ አላችሁ ለካ። ከመቼ ጀምሮ ነው የተኛችው?»

«ከሰኞ ጀምሮ፣ አባ» አለ ፊዮሬንዞ። ሐሰት አልተናገረም።

«ይሄኛው ባልየው ነው?»

ቧንቧ ሠሪው ደረቱን በመፍቻ እየሸፈነ «አዎ፣ አባ» አለ።

«አይዞህ ልጄ። ግን ሸሚዝ ልበስ እንጂ፤ አንተም ብትወድቅ ማን ያስታምማታል? ይሄ በሦስት እግሩ የቆመውስ ምንድነው?»

«የሐኪሙ መሣሪያ ነው» አለ ኦሬስቴ፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ እንደያዘ።

«እግዚአብሔር ይባርከው» ብለው ካሜራውን ጸበል ረጩት። ከዚያ ለሕመምተኛዋ ጸሎት ጀመሩ። ሁሉም ተንበረከከ፤ ኮሚኒስቱም ጭምር። ዶሪያና እንባዋ እየወረደ እጃቸውን ስማ «አባ፣ አይርሱኝ» አለቻቸው። ቄስ ደግሞ ባዶ እጁን አይሸኝምና፣ ለቁርሱ ትዕይንት የተገዙት ስድስት እንቁላሎች በጋዜጣ ተጠቅልለው ተሰጧቸው።

በሩ ሲዘጋ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ያልሳቀችው ዶሪያና ብቻ ነች፤ ተነሥታ ልብሷን እየለበሰች ነበር።

«ወዴት ነው?» አላት ፊዮሬንዞ።

«እናቴ ጋ። ጸበል የተረጨ አልጋ ላይ ተመልሼ አልወጣም። ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን።»

ቢለምናት፣ ቢቆጣ፣ ቢስቅ አልሆነም። ካልሲዋን ይዛ ሄደች። ኮሜንዳቶሬው ፊልሙን የሚያሳየው ከሆሳዕና በፊት ባለው ማክሰኞ ስለሆነ መጠበቅ አይቻልም። ለዋናው ትዕይንት በእጁ የቀረው አርባ ሰከንድ የምትፈራ ሴት ፊት ነው። ፊዮሬንዞ የሆነውን ሁሉ ለኮሜንዳቶሬው ትንፍሽ እንዳይሉ ሠራተኞቹን አስማላቸው። ኦሬስቴ በፓርቲው ማለ፣ የቀሩት በማርያም።

ድምፅ ለማስገባት ሲኞራ ኑንዚያታ መጡ። ሲኞራ ኑንዚያታ የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት ናቸው፤ በዚያ ዘመን ሮም ውስጥ በተሠሩት የአልጋ ፊልሞች የሚቃትቱት ወጣት ሴቶች ግማሾቹ በእሳቸው ጉሮሮ ነው የሚቃትቱት። ማይኩ ፊት ተቀምጠው ለእራት የሚሆን ባቄላ እየፈለፈሉ፣ በየመሀሉ ቀና ብለው ይቃትታሉ፤ ከዚያ ወደ ባቄላቸው። የዶሪያና ፊት ሸራው ላይ ሲመጣ ግን እጃቸው ቆመ።

«እዚህ ላይ ምን ላድርግልህ?»

«የተለመደውን፣ ሲኞራ።»

«አንተ ልጅ፣ ዓይን የለህም እንዴ? ይቺ ልጅ ፍቅር ላይ አይደለችም። ይቺ መጨረሻዋን ነው ያየችው። እስቲ መልሰው።»

ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁና ጮኹ። የድምፅ ባለሙያው ጆሮው ላይ የነበረውን ማዳመጫ ወርውሮ ተነሣ። ከጎረቤት ክፍል ሁለት ሰዎች ምን ሆናችሁ ብለው ሮጠው ገቡ።

«እንዲህ ጮኼ የማውቀው በጦርነቱ ጊዜ ሳን ሎሬንዞ ሰፈር በቦምብ ሲደበደብ ነው» አሉ ሲኞራ ኑንዚያታ፣ ጉንጫቸው ቀልቶ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስቃትት ኖሬ፣ ጩኸት ይሄን ያህል ደስ እንደሚል ማን በነገረኝ።»

ፊዮሬንዞ ቄሱ ከመታየታቸው በፊት ፊልሙን ቆረጠው። ብርሃኑን፣ ረጅሙን ጥላና ፊቷን ብቻ አስቀረ፤ ጩኸቱን ጨመረበት። ቀጥሎ የሚታየው በማግስቱ ጠዋት ቧንቧ ሠሪው ብቻውን ዳቦ ሲበላ ነው። የሴትየዋ ነገር ከዚያ ወዲያ አይነሣም።

ማክሰኞ ዝናብ ነበር። ፊዮሬንዞና ኮሜንዳቶሬው ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች አሉ፤ እንዳይተዋወቁ አንዱ ከሌላው አራት አምስት ወንበር ርቆ፣ የካፖርቱን ኮሌታ አቁሞ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደ ወትሮው ነበር። አንዱ አዛጋ። አንዱ ተነሥቶ ካፖርቱን መቆለፍ ጀመረ። የአባቱ ሱቅ ሽታ የፊዮሬንዞ አፍንጫ ላይ መጣ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ፤ ሸራው ላይ ያለው። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሰፋ። ጥላው ቆመ። ሲኞራ ኑንዚያታ ጮኹ።

የተነሣው ሰውዬ ሁለተኛውን ቁልፍ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ተቀመጠ፤ ግን የራሱ ወንበር ላይ አይደለም። ሁለት ረድፍ ወርዶ አንድ የማያውቀው ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠ። ሽማግሌውም ባርኔጣውን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ቦታ ለቀቀለት። ቀስ በቀስ እዚህም እዚያም ወንበር መንቋቋት ጀመረ። አዳራሹ ሙሉ ባዶ ወንበር እያለ ሠላሳ ወንዶች መሀል ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ቧንቧ ሠሪው በኋላ ጎረቤቲቱን ሲያቅፍ እንኳ ሴትየዋን ያየ የለም፤ ሁሉም የሚያየው ከኋላዋ ያለውን በር ነው። መብራቱ እስኪበራ አንድም ሰው አልወጣም።

ፊዮሬንዞ የተጠጋጉትን ራሶች በደስታ አንድ በአንድ ቆጠረ። ከአክስቶቹ ወዲህ ሰው ያስፈራው ዛሬ ነው።

ኮሜንዳቶሬው ግን ፊቱ አይነበብም። ደጅ ሲወጡ ሲጋራ አወጣ፣ መልሶ ከተተው።

«ማነው የገባው?»

«የት፣ ኮሜንዳቶሬ?»

«አትቀልድብኝ። በሩን ከፍቶ የገባው ማነው?»

ፊዮሬንዞ ከንፈሩን ነከሰ። እውነቱን ቢናገር ሁሉም ነገር ሳቅ ሆኖ ይቀራል።

«እኔም እስከ ዛሬ እንቅልፍ አላገኘሁም» አለ።

«አልገባኝም። ይሄ የአልጋ ፊልም አይደለም። ምን እንደሆነም አላውቅም። አስብበትና ከፋሲካ በኋላ ደውልልኝ፤ እኔም አስብበታለሁ።»

አስብበታለሁ የሚሉ ሰዎችን ፊዮሬንዞ ስምንት ዓመት ሙሉ ያውቃቸዋል። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ዝናቡ ላይ ቆመና ኮሜንዳቶሬው መንገዱን ሲሻገር አየው። ሰውየው መኪናው ጋ ሲደርስ ቁልፉን አወጣ። ቆም አለ። ግራና ቀኝ ተመለከተ። ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወንበሩ ሥር ሳይቀር በደንብ አየ። ማንም እንደሌለ ሲያረጋግጥ ነው የፊቱን ከፍቶ የገባው።

ፊዮሬንዞ የሙት ቤቱን እንደሚሠራ ያወቀው ያኔ ነው።