የዋይኖ ጊታር መቃኛ

ዴልበርት ጓደኛዬ ስለሆነ የፈለግኩትን ብለው መብቴ ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል እንደሱ ያለ ሰው በዚህ ወንዝ ዳር አላየሁም። እጁ ግን የተባረከ ነው። እዚህ አስቶሪያ ከተማ ውስጥ ቴነር ጊታር የምንጫወት ሁሉ፣ የጊታራችን ሆድ ሲሰነጠቅብን ወይም አንገቱ ሲጎብጥብን ወደሱ ነው የምንሮጠው። ቴነር የምንላት ባለ አራት ክሯ ትንሽ ጊታር ከባለ ስድስቷ ትበልጣለች እያልን ያረጀን ሰዎች ነን። ሌላ ሰው ስለማይሰማን እርስ በርስ እንደማመጣለን።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከፊንላንድ የመጡ ሰዎች በሠሩት አዳራሽ ውስጥ እንሰበሰባለን። አንድ ማክሰኞ ወይዘሮ አይሊ አሮጌ የጊታር ሳጥን አቅፈው መጡ። ባላቸው ዋይኖ ሳልሞን ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ያኔ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነበር። በጉልምስናው እዚሁ አዳራሽ ለዳንስ ይጫወት ነበር አሉ። እኛ የጊታር ማኅበራችንን ስናቋቁም እሱ ከወጥ ቤቱ ውጭ መጫወት ትቶ ስለነበር አንዳችንም በጆሯችን አልሰማነውም። ለሚስቱ የሠራትን፣ ቫልስ የተባለችውን የዳንስ ዜማ ግን የማያውቅ የለም። በየሰርጉ ስንጫወታት ኖረናል።

ወይዘሮ አይሊ የመጡበትን ነገር ባጭሩ ተናገሩ። ቅዳሜ የሙት ዓመቱ ነው፣ ያቺን ቫልስ እንደሱ አድርጎ የሚጫወትልኝ ከተገኘ ጊታሩ የሱ ነው፣ ካልተገኘ ሙዚየሙ ወስዶ መስታወት ውስጥ ያስቀምጠዋል አሉ። መስታወት ውስጥ ሲሉ፣ ዳግመኛ ማንም ላይጫወተው ነው ብለን ሁላችንም ደነገጥን።

ዴልበርት ሳጥኑን ከፈተ። በ1930ዎቹ ከማሆጋኒ እንጨት የተሠራ ጊታር ነው፤ የዋይኖ ክንድ ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ብቻ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲመጣ ልማዳችን አንድ ነው፦ አሮጌው ክር ይወልቃል፣ እንጨቱ ይጸዳል፣ አዲስ ክር ይገባል፣ ሁላችንም በምንቃኝበት ቅኝት ይቃኛል። ወይዘሮ አይሊ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ግን እኮ ዋይኖ...” ብለው ሲጀምሩ ዴልበርት፣ ለኔ ይተዉት፣ ምንም አያስቡ ብሎ ክሮቹን ቀጭ ቀጭ አደረጋቸው። እሳቸውም እጃቸውን አወረዱ።

ሠርቶ ሲጨርስ ቫልሷን ተጫወታት። እውነቱን ለመናገር ግሩም ነበር፤ አጨበጨብን። ወይዘሮ አይሊ፣ ቆንጆ ነው ብለው ኮታቸውን አነሱ።

እኔ እንደ ወይዘሮ አይሊ ካሉ ፊንላንዶች ጋር ነው ያደግኩት። እነሱ “ቆንጆ ነው” ብለው ኮት ካነሱ ነገር ተበላሽቷል። በር ላይ ደርሼባቸው ምኑ እንዳልጣማቸው ጠየቅኳቸው።

“ይጮኻል” አሉኝ። “ዋይኖ አይጮኽም ነበር።”

ይህን ለዴልበርት ስነግረው ፊቱ ቀላ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ምግብም የለም። ቀጭን ክር ገጠመ፣ ወፍራም ክር ገጠመ፣ በጣት ሞከረ፣ በመምቻ ሞከረ። የቆረጣቸውን ክሮች ሊፈልግ ወደ ቆሻሻው ቢሮጥ መኪናው ወስዶታል። በመጨረሻ አንገቱን በማጉያ መነጽር ሲመረምር አንድ ነገር አገኘ። ከሦስቱ ክሮች ሥር ያሉት፣ ጣት ክሩን የሚጫንባቸው ትናንሽ ብረቶች ከመጫን ብዛት ጎድጉደዋል፤ ከወፍራሟ ክር ሥር ያሉት ግን እንደ አዲስ ናቸው። ዋይኖ ወፍራሟን ክር በዕድሜው ተጭኗት አያውቅም ማለት ነው። አንድ ድምፅ ብቻ ይዛ ከሥር ታዜምለት ነበር። ግን በየትኛው ድምፅ?

ዓርብ ጊታሩን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ሄል የገባበት ዳቦ ቆርሰው አቀረቡልን፤ ዴልበርት አልነካውም። የወፍራሟን ክር ቅኝት ከፍ ያደርጋል፣ ቫልሷን ይጀምራል፣ ቀና ብሎ ያያቸዋል። እሳቸው አይደለም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዝቅ ያደርጋል፣ ይነቀንቃሉ። በመሀል በመሀሉ ስለ እንጨት መድረቅ ያስረዳቸዋል። ስለ እንጨት! ሙት ዓመቱ ነገ ነው፣ ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ እሱ ያስተምራል። ደሜ ፈላ።

“ዴልበርት፣” አልኩት፣ “እስቲ አፍህን ዝጋና ሴትዮዋን ጠይቃቸው።”

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ከስንት ዘመን አንዴ ቀስ ባለ ድምፅ ጠየቀ። “ወይዘሮ አይሊ፣ ዋይኖ ሲቃኝ ከምን ነበር የሚነሳው?”

“ከኔ ነዋ” አሉ።

ዴልበርት ወንበሩን ወደሳቸው አስጠጋ።

“ሊጫወት ሲል፣ አይሊ፣ እስቲ አንዴ በይልኝ ይላል። አንጎራጉርለታለሁ። ወፍራሟን ክር ከድምፄ ጋር ያስማማና ሌሎቹን ከሷ ይቀጥላል። ልጅ ሆኜ ድምፄ ቀጭን ነበር፤ እያረጀሁ ስሄድ ወረደ። እሱም አብሮኝ ወረደ።”

“ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?” አለ ዴልበርት።

“ማክሰኞ ለት ጀምሬልህ ነበር።”

ዴልበርት አንገቱን ደፋ። ከዚያ ጊታሩን አንስቶ፣ “እስቲ አንዴ ይበሉልኝ” አላቸው። ወይዘሮ አይሊ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንጎራጎሩ። ሻካራና ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ እንደዚያ ወርዶ የሚቃኝ ቴነር ጊታር ሰምቼ አላውቅም። ዴልበርት መቃኛውን ቀስ በቀስ አላላው፤ ክሩና ድምፁ ሲገናኙ የቱ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። ቫልሷን ሲጀምር ያ ሁሉ ጩኸት የለም፤ ከጎንህ ተቀምጦ የሚያወራህ ሰው ይመስላል። ወይዘሮ አይሊ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ወይዘሮ አይሊ አጠገቡ ቆመው አንጎራጎሩለት፤ ተጫወተ። ሕዝቡ ሲበተን ሳጥኑን አቀፉና ሰጡት።

“ቃሌ ቃል ነው፣ ውሰደው” አሉት። “መቃኛው ግን እኔ ቤት ነው ያለው።”

አሁን ዴልበርት ያንን ጊታር ሊጫወት ባለ ቁጥር በራቸውን ያንኳኳል። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ጥሏቸው ድምፃቸው ከወትሮውም እጅግ ወረደ። እሱም እንደሰማው ቃኝቶ፣ ክሩ እንደላላ፣ ማክሰኞ ይዞት መጣ። ማንም ምን ሆነህ ነው ያለው የለም። ሁላችንም የጊታሮቻችንን ክር አላልተን ከሳቸው ድምፅ እኩል አወረድን።