የማይተነፍሰው በርሜል

አጎት ክላይድ ጀልባ ገዝቶ ማቆሚያ ባያጣ ኖሮ፣ የሬክስን ቆርቆሮዎች ማንም አያስታውሳቸውም ነበር።

ጀልባዋ ደርወንት ሸለቆ የደረሰችው እንደ ጌሾ ቢራን የሚያመርረው የሆፕስ አበባ ለቀማ ባለቀ ሳምንት ነው። ክላይድ ጀልባዋን ለሰው ከማሳየቱ በፊት ወደ እህቱ ወደ ኖሪን ሄዶ የጓሮውን የቆርቆሮ ቤት ጠየቃት። ባሏ ሬክስ ቢራውን የሚጠምቅበት ቤት ነበር። ሬክስ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የገባበት ሸረሪት ብቻ ነው፤ ክላይድ እንደዚያ አለ። የኖሪን ልጅ ብሪዮኒ ግን ቤቱን ለራሷ ጠመቃ ትፈልገው ነበር። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ቀን ነዳጅ ማደያ ትሠራለች፤ ጠመቃን የተማረችው ከቤተ መጻሕፍት በተዋሰቻቸው መጻሕፍት ነው። አስተማሪ ስላልነበራት የሚያርማትም አልነበረም፤ ይህንንም እንደ ሹመት ትቆጥረው ነበር።

ኖሪን ወንድሟንም ልጇንም ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጣ ፈረደች። የሬክስ እቃ እዚያ ተቀምጦ የሚበሰብስ ከሆነ ጀልባዋ ትግባ። ብሪዮኒ ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ እዚያው ካለው ነገር ሰው የሚጠጣው ቢራ ካወጣች ቤቱ የእሷ ነው። ክላይድ አንድ ነገር ጨመረበት፤ ከወጥ ቤት ስኳር በቀር ከሱቅ አንዲት ነገር ከተገዛ ውሉ ፈረሰ።

ብሪዮኒ በማግስቱ መደርደሪያውን አወረደች። ከብቅል ተጨምቆ እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቆርቆሮዎች አሉ። አንዱ ክዳኑ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል። እሱን ሳትከፍት ጣለችው፤ ጉጉት ሌላ፣ ቂልነት ሌላ። ሦስት የሆፕስ እሽግም አለ፤ ሁለቱ አየር ገብቶባቸው የሰነበተ ካልሲ ይሸታሉ፤ ሦስተኛው ግን እንደ ጡብ እንደጠነከረ ነው። ስትቀደው ሽታው ደከም ያለ ሣር ሆነባት፤ ይበቃል። እርሾው አምስት ትንንሽ ከረጢት ነው፤ የሁሉም ቀን አልፏል።

መጀመሪያ የገረማት ብቅሉ ነው። ቆርቆሮው በተለጠፈበት ወረቀት ላይ የተሳለው ቢራ ገለባ የሚመስል ነው፤ ከቆርቆሮው የወጣው ግን የመኪና ሞተር ዘይት ይመስላል። በጣቷ ላሰችው። መራራ አይደለም፤ የተቃጠለ ስኳርና ዘቢብ ነው የሚለው። ስድስት ዓመት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ እሳት ሳይነካው በስሏል። ለብቻዋ ሳቀች።

እርሾውን እንዲሁ አምና አልጨመረችውም። አምስት ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ መስኮት ላይ ደርድራ፣ ቁንጥር ስኳር እያደረገች አንዳንድ ከረጢት በተነችባቸው። ከእያንዳንዱ ከረጢት ጥቂት አስቀርታ ወረቀት ላይ ስሙን ጻፈችበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አራቱ ጭቃ ሆነው ዝም አሉ። አምስተኛው አረፋ አነሣ። ሙታኑን አልደፋቻቸውም፤ ከብቅሉና ከሆፕሱ ጋር አፍልታ ለሕያው ስንቅ አደረገቻቸው። ድፍድፉ ሲበርድ አረፋ ያነሣውን እርሾ አፈሰሰችበት፣ በርሜሉን ከደነች፣ ክዳኑ ላይ የሚቆመውን የአየር መውጫ ቱቦ ውኃ ሞላችው። እርሾው ሥራ ሲጀምር ቱቦው ብሎቅ ብሎቅ ይላል።

በመጀመሪያው ቀን አላለም። በሁለተኛውም አላለም። በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብስ አለበሰችው።

ክላይድ ማታ ማታ ሜትሩን ይዞ ይመጣል፤ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይለካል። በአራተኛው ቀን ከበርሜሉ ፊት ቆሞ ጆሮውን ወደ ቱቦው አስጠጋ።

«ነፍስ ይማር» አለ።

«ጀልባህ ውኃ ከነካች ስንት ቀን ሆናት?» አለችው ብሪዮኒ።

«ቤት ስታገኝ ትነካለች።»

«ዓሣዎቹ አመስግኚልን ብለዋል፤ ተረጋግተው እያረጁ ነው።»

አፏ ሰላ እንጂ ሌሊት እየተነሣች ቱቦውን ታይ ነበር። በአምስተኛው ቀን ምንም ሳይሰማ ሲውል ልትደፋው በርሜሉን እየጎተተች ወደ ፍሳሹ ወሰደችው። የበርሜሉን ቧንቧ ልትከፍት እጇን ካደረገች በኋላ ግን አንድ ነገር ያዛት። ሲሞት እንኳ በምን እንደሞተ ማወቅ አለባት፤ አለማወቁ ከመሸነፉ ይልቅ አቃጠላት። ጎንበስ ብላ ብርሃን በሚያሳልፈው የበርሜሉ ግድግዳ በኩል ወደ ውስጥ አየች። ከፈሳሹ በላይ ቡናማ የአረፋ ቀለበት ደርቋል።

የሞተ ነገር አያረፋም።

ሮጣ የስኳር መለኪያውን የመስታወት ዘንግ አመጣች፤ ስኳር ሲበዛ የሚንሳፈፍ፣ ሲያንስ የሚሰጥም ነው። ከበርሜሉ ቀድታ ብትጥልበት ሰጠመ። እርሾው ከስኳሩ ከግማሽ በላዩን በልቶታል። ታዲያ ትንፋሹ የት ሄደ? የሳሙና ውኃ በጣቷ ነክራ የክዳኑን ዙሪያ ቀባችው። አረፋው በየቦታው ፊፍ፣ ፊፍ ማለት ጀመረ። የክዳኑ የጎማ ቀለበትም እንደ ሌላው ሁሉ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል። በርሜሉ ሲተነፍስ ነበር የከረመው፤ በአፍንጫው አልሆነም እንጂ። ይህን ሁሉ ቀን ቱቦውን እያየች ቢራውን አላየችውም ነበር። ማንም አላረማትም፤ ራሷን ሰደበች፣ በርሜሉን ጎትታ መለሰችው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ወደ ትልልቅ ጠርሙሶች ገለበጠች፤ ለእያንዳንዱ ማንኪያ ስኳር ጨምራ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ሦስት ሳምንት አስተኛቻቸው።

የቀጠሮው ቅዳሜ ኖሪን የበግ ጎድን ጠብሳ ሁለቱን ጠራች። ብሪዮኒ አንድ ጠርሙስ ከፈተች። ቢራው ጥቁር ነው፤ አረፋው ብቅ ብሎ ወዲያው ሸሸ። ክላይድ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ።

«እርጥብ ካርቶን» አለ።

ብሪዮኒ ቀመሰች። ልትክደው ፈለገች፤ ምላሷ ግን እምቢ አለ። መጀመሪያ ላይ ካርቶን አለ፤ አዎ አለችው። ከኋላው ግን ዘቢብ አለ፣ ከዘቢቡም በኋላ የተቃጠለ ስኳር፤ እሱ ቸኩሎ ስለዋጠ አልደረሰበትም። ክላይድ ሊደርስበት ደግሞ ተጎነጨ። የቆርቆሮው ወረቀት ነጣ ያለ ቢራ እያሳየ ይሄ ለምን ጠቆረ ብሎ ጠየቀ። በእንቅልፉ እንደበሰለ ነገረችው፤ እያሰበ ቀዳ። ከአምስት እርሾ አንዱ ብቻ ለምን ተረፈ? አላውቅም አለችው፤ ከማንኛው ከረጢት እንደነበር ግን ስሙን ጽፋ ይዛለች። የሞቱትንስ ለሕያው ለምን መገብሽው? በዚህ ላይ ተከራከሩ፤ ክላይድ ሲከራከር ጉሮሮው ይደርቃል። መራራው ወዴት ሄደ? ሆፕሱ በዕድሜ ይሟሽሻል አለችው። እውነት መሆኑን ሊያጣራ የቀረውን ሁሉ ገለበጠው።

ኖሪን ሥጋዋን እየቆረጠች ሁለቱን ታይ ነበር።

«ክላይድ፣ ጠርሙሱ ባዶ ነው» አለችው።

«እ?»

«እኔ የቀመስኩት አንድ ጉንጭ ነው። ብሪዮኒ ብርጭቆዋን አልጨረሰችም።»

ክላይድ ብርጭቆውን እንደ ባዕድ አየው። ጠጥቼ አይደለም አለ፤ እየመረመርኩ ነው። ጥሩ ነው አላልኩም፤ አሁንም አልልም። ኖሪን ጥሩ እንዲሆን ማን ጠየቀ አለችው፤ ሰው የሚጠጣው ነው ያልኩት፤ ሰው ጠጥቶ ጨረሰው።

ክላይድ ተነሥቶ ወጣ። ብሪዮኒ ተቀይሞ ሄደ ብላ እናቷን አየቻት፤ ኖሪን ትከሻዋን ነቀነቀች። ብዙም ሳይቆይ ከአጥሩ ማዶ ካለው ከራሱ ቤት ወለል ሥር የሆነ ነገር ሲጎተት ተሰማ። ክላይድ ጉልበቱ አፈር ሆኖ ተመለሰ። የያዘው የብቅል ቆርቆሮ ወረቀቱ ተልጦ አልቋል፤ ጠርዙ ዝጓል፤ ዕድሜውንም አያውቀውም።

«ይሄስ?» አላት።

ብሪዮኒ ተቀብላ ክዳኑን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። አልተነፋም፤ ጣቷንም አልመለሰም። ወደ ቆርቆሮ ቤቱ እየሄደች መክፈቻውን ይዘህ ና አለችው።