«ሁለት ነው አይደል?»

ሰርካለም አንድ ቦታ መቀመጥ ካቃታት ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ራት ስትበላ ትነሳለች፤ ቴሌቪዥን ስታይ ትነሳለች፤ እሑድ እንኳ ቅዳሴው ሳያልቅ ሁለት ጊዜ ወጥታ ገብታለች። የአስፐን ሂል አፓርትመንቷ ደግሞ ለሚንቆራጠጥ ሰው የሚበቃ አይደለም፤ ከሶፋው እስከ መስኮቱ አምስት እርምጃ ነው። የአስራ አንድ ዓመቷ ልጇ ኤፍራታ የቤት ሥራዋ ላይ እንዳቀረቀረች፣ «ማም፣ ካን ዩ ፕሊስ ሲት ዳውን?» ትላታለች። እናትየው «እሺ» ትልና ትቀመጣለች፤ ወዲያው ተመልሳ ትነሳለች። ምን እንደነካት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ቢያንስ እንደዚያ መስሏታል።

ሰርካለም ቤልትስቪል ከተማ ውስጥ የዳቦ ቤት ማሽን እየገጣጠመ በሚሸጥ አንድ ፋብሪካ የፊተርነት ሙያ ተለማማጅ ናት። ፊተር ማለት ብረትን ከብረት የሚያስማማ ሰው ነው፤ ብሎኑም፣ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታውም፣ ዘንጉም በእሱ እጅ ያልፋል። ከዚያ በፊት አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አምስት ዓመት አልጋ አንጥፋለች። ከዚያ ያወጧት ጋሽ ዓባይነህ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ የተበላሸ በር በወጥ ማንኪያ እጀታ ፈታ ስትጠግን አዩዋትና፣ «ይቺ እጅ አንሶላ ስታጥፍ አታረጅም» ብለው አለቃቸው ዘንድ ወሰዷት። ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩበት ቤት ስለሆነ ቃላቸው ይሰማል። አሁን የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዋ ዓርብ ያልቃል፤ አለቃው ግሬግ የሚያስቀራት ወይም የሚያሰናብታት እሳቸው የሚፈርሙላትን ወረቀት አይቶ ነው።

ጣጣው የመጣው ከዳያሏ ነው። ሞተርና የማርሽ ሳጥን ሲጋጠሙ የሁለቱ ዘንጎች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። መዋላቸውን የምትናገረው ዳያል የምትባል፣ የእጅ ሰዓት የምታክል መለኪያ ናት። አንድ ኢንች ለሺህ ይከፈልና አንዷ ክፋይ «ታው» ትባላለች። ሁለት ታው ቢዛነፍ ማንም አይከፋውም። አስር ካለፈ ግን ኩሽኔታው ይግላል፣ ሁለቱን ዘንጎች የሚያያይዘው ጎማ ይበላል፣ ቀን የጎደለ ዕለት ደግሞ ተቆርጦ ይፈናጠራል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጋሽ ዓባይነህ ዘንጉን በእጃቸው እያዞሩ፣ አፍንጫቸው ዳያሏን ሊነካ እስኪደርስ አጎነበሱና፣ «ሁለት ነው አይደል?» አሏት። ሰርካለም አየች። አስራ ሁለት ነው። ዓይኗን ጠርጋ ደግማ አየች፤ አስራ ሁለት ነው። ቀና ስትል እሳቸው መልስ እየጠበቁ ፊት ፊቷን ያያሉ።

«አዎ ጋሼ» አለች።

እሳቸው «የለካ» በሚለው ቦታ ፈረሙ፤ እሷ «ያየ» በሚለው ፈረመች። ማሽኑም ተጭኖ ሄደ።

እንግዲህ ይሄ ምን ይባላል? እኛ ሰዎች እኮ ትልቅ ሰውን «ተሳስተዋል» ከምንል ጥርሳችን ቢነቀል ይቀለናል። ያውም ከሰው አስቆጥሮ ሥራ ያስገባንን ሰው! ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ነገሩስ እውነት ነው፣ ዝም ያለው ሰው ግን ይነቅዛል። በሁለተኛው ማሽን ላይ አስራ አራቱን ሁለት አለች፤ በሦስተኛው ላይ አስራ አንዱን ሁለት አለች። ብትናገር ሽማግሌው ጡረታቸው ዓመት ከመንፈቅ ሲቀረው ከሥራ ይወጣሉ። ባትናገር ደግሞ አንድ ቀን የማታውቀው ሰው ማሽኑ አጠገብ ቆሞ... እዚህ ሐሳብ ላይ ስትደርስ ነው ከሶፋው የምትነሳው።

ረቡዕ ጠዋት ግሬግ ወርክሾፑ ውስጥ ገባና፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ዳቦ ቤት ማሽኑ ይጮሃል ብሎ ደውሏል፣ ሁለታችሁ ሂዱና እዩት አለ። የመጀመሪያው ማሽን ነው።

ቫኑን የምትነዳው እሷ ናት፤ ጋሽ ዓባይነህ ጉልበቴን ያመኛል ብለው መንዳት ከተዉ ከርመዋል። 495 የሚባለው አውራ ጎዳና እንደ ልማዱ በመኪና ተዘግቷል። ሰርካለም መሪውን በጣቷ ትደበድባለች፣ መስመር ትቀይራለች፣ ደግሞ ወደነበረችበት ትመለሳለች።

«ኧረ ቀስ በይ ልጄ፤ ምን ያክለፈልፍሻል?» አሉ።

«ምንም ጋሼ፣ ትራፊኩ ነው።»

«ትራፊኩማ ቆሟል እኮ። የምትሮጪው አንቺ ነሽ።» ሳቁና ክንዷን መታ መታ አደረጉ። «ዓርብን ፈርተሽ ከሆነ ተይው። እፈርምልሻለሁ፣ አለቀ። አንቺን ሪኮመንድ ያላደረግኩ ማንን ላደርግ ነው?»

ይህን ከሚሏት በጥፊ ቢያልሷት ይሻላት ነበር። አሌክሳንድሪያ የሚያስገባው ድልድይ ላይ ሲደርሱ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር...» አለች።

«እ?»

«...የምንወጣበት ኤግዚት የቱ ነበር?»

አምስት ዓመት የተመላለሰችበትን መንገድ! ጋሽ ዓባይነህ ዞር ብለው አዩዋት።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ የተቀበለቻቸው ውብነሽ የምትባል፣ ሃምሳ የሚሆናት፣ ቅንድቧ ድረስ ዱቄት የነካት ሴት ናት። የሊጥ ማቡኪያው ሠራተኛ እሷ ናት።

«እንኳን መጣችሁ! ማሽናችሁ እኮ ሰው ሆኗል፤ ያቃስታል» አለች። ከሽርጧ ኪስ የጣት ጫፍ የምታክል ጥቁር ጎማ አወጣች። «ሰኞ ዕለት ይቺ በክዳኑ ቀዳዳ ተስፈንጥራ እዚህ ጋ አለፈችኝ።» ጆሮዋን ነካች። «ማናጀሬን ኮል አደረግኩትና ሥራ አታቁሚ አለኝ። ይኸው አጠገቡ ቆሜ እሠራለሁ።»

ሰርካለም ጎማውን ተቀብላ አገላበጠችው። ቶሎ ኪሷ ከተተችው።

የማሽኑን ኤሌክትሪክ አጥፍተው ማንም እንዳያበራው ማብሪያው ላይ ቁልፍ አደረጉበት፤ ክዳኑን ፈቱ፤ ዳያሏን ዘንጉ ላይ አሰሩ። ጋሽ ዓባይነህ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ዘንጉን ቀስ አድርገው አንድ ዙር አዞሩት፤ አጎነበሱ፤ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቆዩ።

«ሁለት ነው አይደል?» አሉ።

ውብነሽ ከኋላቸው ቆማ ፊቷን በመሐረብ ትጠርጋለች። ሰርካለም የሴትዮዋን ጆሮ አየች። ከጆሮዋ በታች ቀይ ጭረት አለ፤ እስካሁን አላየችውም ነበር።

«አይደለም ጋሼ» አለች። «አስራ ስድስት ነው።»

ጋሽ ዓባይነህ ከዘንጉ ላይ እጃቸውን አላነሱም። «ከእኛ ቤት ሲወጣስ ስንት ነበር?»

«አስራ ሁለት።»

«ሌሎቹስ?»

«አስራ አራት። ሦስተኛው አስራ አንድ።» ቁጥሮቹን ለማስታወስ አልተቸገረችም፤ ስትተኛም ስትነሳም አብረዋት ነበሩ።

ሽማግሌው ማሽኑን ተደግፈው ተነሱ። ስልካቸውን አውጥተው ግሬግ ጋ ደወሉና፣ ድምፁን ስፒከር ላይ አድርገው በእንግሊዝኛ ተናገሩ። ያቺ ሃያ ሁለት ዓመት ያልተቃናች እንግሊዝኛቸው ያን ዕለት አልተንተባተበችም። ሦስቱም ማሽኖች አሁኑኑ ይቁሙ፣ የለካሁት እኔ ነኝ፣ ዓይኔ አያይም አሉ።

«ተለማማጇስ? እሷ አላየችውም?» አለ ግሬግ።

«እሷ ምን ታውቃለች? ፈርሚ ስላልኳት ነው የፈረመችው።» ይህን እያሉ ለሰርካለም በጣታቸው ከንፈራቸውን አሳዩዋት። ዝም በይ።

ሰርካለም የቀረበላትን አየች። ዝም ብትል ዓርብ ሥራዋ ላይ ትቀራለች፤ ውሸቱን የዋሹት እሳቸው ናቸው፣ ለእሷ ብለው። ደግሞም ታላቅ ሲያዝ መታዘዝ ነው የለመደችው። ወደ ስልኩ ተጠጋች።

«ግሬግ፣ ሰርካለም ነኝ። አይቻለሁ። ሦስቱንም አይቻለሁ፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» አለችው።

ግሬግ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ለሌሎቹ ሁለት ደንበኞች ደውዬ ማሽኖቹን አስቆማለሁ፣ እናንተ ይሄን አስተካክላችሁ ተመለሱ፣ ነገ በጠዋት ሁለታችሁም ቢሮዬ እንድትገኙ ብሎ ዘጋው።

ጋሽ ዓባይነህ ስልኩን ኪሳቸው እስኪከቱ እንኳ አልጠበቁም። «ምን ሆነሻል አንቺ! እኔስ አንዴ ሄጃለሁ፤ አንቺን ላተርፍ ብዬ ስናገር! አሁን ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?»

«ዝም ብዬ እኮ ነው እዚህ የደረስነው ጋሼ» አለች። «መናገር እርስዎን ማሳፈር መስሎኝ ነበር። እርስዎን እንዴት አድርጌ... ላከብርዎ ብዬ ነው።»

ውብነሽ ነገሩ የዋዛ እንዳልሆነ ገብቷት ውኃ ላምጣላችሁ ብላ ሄደች። ሽማግሌው የዱቄት ጆንያ ላይ ዘፍ አሉ፤ በአንድ ቀን ውስጥ ያረጁ መሰሉ።

«ሐኪሞቹ የዓይን ሞራ ነው ካሉኝ ስድስት ወር ሆነኝ» አሉ። «በቀላሉ ይወጣል አሉኝ፤ እኔ ግን ቢላዋ ዓይኔን ሲነካው እያሰብኩ ስፈራ፣ ነገ ዛሬ ስል። ፋብሪካው ካወቀም ያስወጡኛል ብዬ ለባለቤቴ እንኳ አልተነፈስኩም።» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ሌላ ሰው ላይ ሲሆን እሳቸውም ይናገሩታል።

«ሃያ ሁለት ዓመት ስለካ ስንት ነው ብዬ ሰው ጠይቄ አላውቅም» ብለው ቀጠሉ። «አንድም ቀን! አንቺን ብቻ ነው የጠየቅሁት። ለምን የምጠይቅሽ ይመስልሽ ነበር?»

ሰርካለም ዘንጉ ላይ የታሰረችውን ዳያል አየች።

«አላይም ብዬ መናገር አፈርኩ። አንቺ ታዪልኛለሽ ብዬ ነበር እኮ።»

ሰርካለም አለቀሰች፤ መሐል ዳቦ ቤት ቆማ፣ በዱቄታም እጇ ፊቷን ይዛ አለቀሰች። ጋሽ ዓባይነህ አላባበሏትም። እስክትጨርስ ጠብቀው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ማሽኑ ሥር ተመልሰው ተንበረከኩ። የሞተሩን ብሎኖች አላሉ፤ ከሥሩ የሚጎዘጎዘውን ስስ ቆርቆሮ በዳሰሳ መርጠው አስገቡ፤ ከዚያ ዘንጉን ጨበጡ።

«በይ ነይ፣ አሁን ላዞረው ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «እኔ ሳልጠይቅሽ ንገሪኝ።»