ለአጎቴ የመረጥኩለት ዱላ

ትምህርት ቤት የገባሁት ዝናብ ለመጠለል ያህል ነው። ሳር ማጨድ ግን እችላለሁ። የክሬግነስን ጎልፍ ሜዳ ሳር የማጭደው እኔ ነኝ፣ ስድስት ዓመቴ። መሬቱ የት ጋ እንደ ሲሚንቶ እንደሚደርቅ፣ ጥንቸል የት ጋ እንደቆፈረ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። ይሄን የምነግራችሁ ጉራ ልነዛ ፈልጌ አይደለም። በኋላ "አላውቅም ነበር" እንዳልል ነው።

አጎቴ አርቺ የእናቴ ወንድም ነው። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ሲጠግን የኖረ። በየዓመቱ ከጎረቤታችን ከፒትላሪ መንደር ጋር በምንገጥመው ግጥሚያ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተሰልፏል። ዘንድሮ ግን የቡድናችን አለቃ ሞራግ ጠርታ፣ እጅህ ደክሟል እያሉ ነው፣ ይሄን ግጥሚያ ከተሸነፍክ ቦታህን ለወጣት እሰጣለሁ አለችው። እቤታችን መጥቶ ለእናቴ ነገራት፣ "ልክ ናት" አለ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። አጎቴ ሻይ ሲያስተርፍ ያን ቀን ነው ያየሁት።

በዚያው ሳምንት ዌጁ ተሰበረ። ዌጅ ቀዳዳው ጋ ስትቃረብ ኳሷን ወደ ላይ አንስተህ ዱብ የምታደርግበት ዱላ ነው። የሱን ዌጅ ሃያ ስድስት ዓመት አሸዋ ሲበላው ኖሮ ሶሉ፣ መሬት የሚነካው ሆዱ፣ እንደ ቢላ ስስ ሆኖ ነበር። አንገቱ ላይ ቀጭ አለ፣ አለቀ።

ሐሙስ አብረን ከተማ ሱቅ ሄድን። ግድግዳው ሙሉ ዌጅ ነው። እያንዳንዱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ ትልቁ ፊቱ ምን ያህል እንደተንጋለለ ይናገራል፣ ትንሹ ደግሞ ሶሉ ምን ያህል እንደወፈረ። ትልቁን ራሱ መረጠ፣ ሃምሳ ስድስት። ትንሹን ማንበብ አቃተው፣ መነጽሩን መኪና ውስጥ ረስቷል።

ለሃምሳ ስድስቱ ትንሹ ቁጥር ስድስት፣ አስር ወይ አስራ አራት ነበረ። የኛ መሬት ደረቅ ነው፣ ስስ ሶል ነው የሚፈልገው፣ ከኳሷ ሥር ሹልክ ብሎ እንዲገባ። ወፍራም ሶል ደረቅ መሬት ላይ ይነጥርና ኳሷን ወገቧን ይላታል፣ እሷም እንደ ጥይት ትወነጨፋለች። ክሬግነስ ውስጥ ይሄን የማያውቅ ሕፃን የለም።

ግን ከዚያ ሐሙስ በፊት በነበረው ቅዳሜ መጠጥ ቤት ውስጥ አጎቴ፣ ማጨጃ ማሽኑን እንዴት አሸዋ ጉድጓድ ውስጥ እንደከተትኩት ለሰው ሁሉ ሲተርክ አምሽቷል። ማሽኑ ላይ ተቀምጬ እንዴት እንደጮህኩ ሳይቀር። እዚያ የምትቀዳው፣ እኔ የምከጅላት አይልሳ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም አንድ ቀን ሙድ እይዝበታለሁ ብዬ ነበር።

አውራ ጣቴን ትንሿ ቁጥር ላይ አሳረፍኩና አስራ አራቱን ሰጠሁት።

"አይወፍርም ይሄ?" አለ፣ ሶሉን እየዳበሰ።

"አሁን እንዲህ ነው የሚሠሩት። ያንተ ዘመን አለፈ፣ አጎቴ።"

መዘነው፣ ወዘወዘው። "እሺ" አለ። "ሜዳውን ከኔ በላይ የምታውቀው አንተ ነህ፣ ዶድ።" ገዛው።

ተንኮሉ ትንሽ ነበር፣ እመኑኝ። ዓርብ ሲለማመድ ጓደኛዬ ጎርዲና እኔ አጥሩ ላይ ቁጭ እንላለን፣ ኳሶቹ እሾህ ውስጥ ሲገቡ እንስቃለን፣ ከዚያ እነግረዋለሁ፣ ሮጠን ሱቅ እንቀይረዋለን። በቃ።

ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። መሬቱ እንደ ገንፎ ሆነ። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ደግሞ ወፍራም ሶል ንጉሥ ነው። የመጀመሪያዋ ኳስ ከቀዳዳው ሁለት እርምጃ ብቻ ቀርቷት ቆመች። ሁለተኛዋም። አምስተኛዋ ገባች። አጎቴ ኮፍያውን አውልቆ ዝናቡ ውስጥ እንደ ልጅ ሳቀ። ማታ መጠጥ ቤት ገብቶ ይሄን ዱላ ዶድ ነው የመረጠልኝ ብሎ ለእያንዳንዱ ሰው አሳየ። ሞራግ ሳትቀር ጋበዘችኝ። ጎርዲ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፣ ንገረው እንጂ ማለቱ ነው። እዚያ ቤት ስሜ በደግ ሲነሳ ግን የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ነገም ይዘንባል አልኩ በሆዴ። እዚህ አገር መቼ ዘንቦ አባርቶ ያውቃል?

አባራ። ሌሊቱን ነፋስ ተነሳ፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ መሬቱ ከበሮ ሆኗል። የአጎቴን የዱላ ቦርሳ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የገጠመው የፒትላሪ ጥርስ ሐኪም ነው። አጎቴ አስራ ሰባት ቀዳዳ ሙሉ ኳሱን መሬት ለመሬት እያስሮጠ ዌጁን ሳይነካ ደረሰ፣ እኔም በየቀዳዳው እግዜርን ሳመሰግን ዋልኩ። እኩል ለእኩል ናቸው። የቀረችው የመጨረሻዋ ናት።

እዚያ ኳሱ ራሰ በራ መሬት ላይ አረፈች። በሷና በቀዳዳው መሃል የአሸዋ ጉድጓድ አለ። በላይ በዌጅ ማሳለፍ ነው፣ ወይ ደግሞ በማንከባለያው ዱላ ዳር ዳሩን መዞር። ዳር ዳሩ ራቅ ያደርገዋል፣ ግን አያዋርደውም።

ወደኔ ዞረ። "ዶድ፣ በየቱ ልምታ?"

መንደሩ በሙሉ አጥሩ ጋ ቆሟል። አይልሳ አለች። ጎርዲ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ያየኛል። በማንከባለያው ብለው ለምን ይለኛል። ለምን ካለኝ ደግሞ አለቀልኝ።

"በዌጁ" አልኩ።

ጥያቄ አላበዛም። መታ። ድስት ከመደርደሪያ ሲወድቅ ያለው ዓይነት ድምፅ ነው የወጣው። ኳሷ በሰው ጭንቅላት ላይ አልፋ፣ አጥሩን ዘልላ ባሕሩ ዳር ወረደች። ማንም አልሳቀም፣ ጎርዲም። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እሱም ደረቅ ነው።

አጎቴ የጥርስ ሐኪሙን ጨበጠ። ከዚያ ሞራግን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ዱላው ጥሩ ነው። እጄ ነው" አላት።

ሰኞ ሞራግ ማጨጃዬ ጋ መጣች። ማታ ማታ ስትለማመድ አይሃለሁ፣ የአጎትህ ቦታ ላንተ ነው አለችኝ። ማሽኑን እዚያው ትቼ አጎቴ ጀልባ ወደሚጠግንበት ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት፣ አውራ ጣቴን ሳይቀር። እንጨት መላጉን አላቆመም።

"ዓርብ ልትነግረኝ ነበር?"

"አዎ።"

"ቅዳሜ ጠየቅኩህ እኮ፣ ዶድ።"

 

ሞራግ ጋ ሄጄ፣ መጠጥ ቤትም ገብቼ እናገራለሁ አልኩት። ያን ጊዜ ነው መላጊያውን ያስቀመጠው። ትንፍሽ እንዳትል አለኝ። አረጀ ቢሉኝ እውነት ነው፣ አርጅቻለሁ፤ የእህቱ ልጅ አታለለው ከተባለ ግን እናትህ በየት በኩል ወጥታ ዳቦ ትገዛለች? ትጫወታለህ፣ አፍህን ትዘጋለህ። ሄዶ ዌጁን አመጣና ከሞረድ ጋር ሰጠኝ። ሶሉ እስኪሳሳ ስሞርድ ዋልኩ። እየመጣ በጣቱ ይነካዋል፣ "ገና ነው" ይላል፣ ይመለሳል።

ባለፈው ቅዳሜ መጠጥ ቤት ገባን። አይልሳ አንድ ብርጭቆ ቢራ ሰጠችኝና፣ ላጎትህ አንተ አድርስለት፣ ምስኪን፣ እጁ ይንቀጠቀጣል አለችኝ። እስከ አፉ የተሞላ ብርጭቆ ነው። አጎቴ ተቀበለኝ። እጁ ንቅንቅ አላለም፣ እንደ ግንብ ነው። ቀና ሲል ሰው ሁሉ እጁን እያየ ነው። እኔን አንዴ አየኝና ብርጭቆውን ትንሽ አዘንብሎ ሱሪው ላይ ደፋው።